የደሙ ባለቤት

ሐሙስ ጠዋት ኤሎዪ ጢሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ከቤቱ ፊት ካለው ጥድ ሥር ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። አጠገቡ በአበባማ ጨርቅ የተቋጠረ ቦዬ አለ። ከማሳው ቆፍሮ ካወጣው የዘንድሮ የመጀመሪያ ምርት፣ ረጅሙንና ቀጥ ያለውን መርጦ ነው የቋጠረው። ከታች ከፖካ መንደር፣ ከሟቹ የአባት ወገን፣ አንድ ሰው መጥቶ “ና፣ ደምህን ተቀበል” ሊለው ይገባል። ያ ሰው እስኪመጣ ድረስ ኤሎዪ ከወንበሩ አይነሳም። በዚያ ሸለቆ የእናት ወንድም ሳይጠራ ወደ ደም ጉዳይ አይሄድም፤ ሳይጠራ የሄደ አጎት ከለማኝ አይለይም።

ሟቹ ባስቲያን የእህቱ የኦርታንስ የበኩር ልጅ ነበር። ባለፈው የዝናብ ወራት የደሴቲቱ ተወላጆች፣ ካናኮቹ፣ ነጻነታችንን ስጡን ብለው መንገድ ሲዘጉ አንድ የፈረንሳይ ወታደር ደረቱን በጥይት መታው። ከዚያ ወዲህ በሸለቆው አፍ ላይ ያለው መንገድ በግንድና በተቃጠለ መኪና እንደተዘጋ ነው። የኒኬል መኪና አይወርድ፣ የወታደር መኪና አይወጣ። ተኩሱ ቆሟል ይባላል፤ ነገሩ ግን ሁለቱም ወገን ጣቱን ቃታ ላይ አድርጎ መተያየት ነው። ከግንዱ ጀርባ የአጋዘን ጠመንጃ ይዘው ከተቀመጡት ወጣቶች ፊተኛው ዢልቤር ነው፤ የባስቲያን ታናሽ፣ ለኦርታንስ የቀራት አንድ ልጅ።

የእነሱ ሥርዓት ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ነው ሰው የሚጨርሰው። ልጅ ሲወለድ በጆሮው ውስጥ እፍ የሚልበት የእናቱ ወንድም ነው። ስሙና መሬቱ የአባቱ ይሆናል፤ ደሙና ትንፋሹ የአጎቱ። ሰው ከተገደለ ደግሞ የገዳይ ወገን ጨርቅና ትምባሆ፣ ከላዩም አንድ የገንዘብ ኖት ይዞ መጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ጥፋቱን ተናግሮ በአጎቱ እጅ ማኖር አለበት። አጎቱ እጁን ሲጭንበት ደሙ ይዘጋል። ካልጫነ ክፍት ነው፤ ክፍት ደም ላይ ደግሞ ማንም መንግሥት ቢሆን መንገድ አይከፍትም።

ዢልቤርም ለቄሱ፣ ለጋዜጠኞቹ፣ ለገዛ የነጻነት ግንባሩ ሰዎች ሳይቀር ሲመልስ የከረመው አንድ ነገር ነው። “አጎቴ ተቀበልኩ ካለ እወርዳለሁ። ካላለ፣ ፓሪስ ራሷ ተነቅላ ብትመጣ አልወርድም።”

ፓሪስ ራሷ ባትመጣም ዴልማስ የሚባል ሽማግሌ ልካለች። በሚቀጥለው ሳምንት በዋና ከተማዋ በኑሜያ ሁለቱ ወገኖች ስለ ነጻነቱ ቀን ሊነጋገሩ ተቀጥረዋል። መንግሥት እስከ ዓርብ ጠዋት መንገዱ ካልተከፈተ በቡልዶዘር አስከፍታለሁ ብሏል፤ የነጻነት ሰዎቹም አንድ ካናክ ከተነካ ጠረጴዛው አጠገብ አንደርስም ብለዋል። ስለዚህ የደሴቲቱ ዕጣ ተንከባሎ ተንከባሎ መጥቶ ጡረታ የወጣ የኒኬል መኪና ሾፌር እጅ ላይ ወደቀ። እውነቱን ለመናገር ኤሎዪ ስለ ደሴቲቱ ዕጣ ያን ያህል አልተጨነቀም። የሚያስጨንቀው ዢልቤር ነው። አንዱን የእህቱን ልጅ በእጁ አፈር አልብሷል፤ ሁለተኛውን ማልበስ አይፈልግም።

ዴልማስ ከሁለት ሳምንት በፊት እዚሁ ጥድ ሥር መጥቶ ነበር። መኪናው ጭቃው ውስጥ ቢሰምጥበት የቀረውን በእግሩ ወጣው፤ ቀዩ ጭቃ ጉልበቱ ድረስ ለብሶት ነበር የደረሰው። ኤሎዪ ይሄን ወደደለት። በየቅኝ ግዛቱ እሳት ሲያጠፋ፣ አንዳንዴም ሳያውቀው ሲያቀጣጥል ያረጀ ሰው ነው።

“ለማን ነው የማኖረው?” ብሎ ጠየቀ ዴልማስ፣ ውሃውን ጠጥቶ ሲጨርስ።

“ለእኔ። በእጄ።”

“አባቱስ ቅር አይለውም?”

“ማቲያስ ልጁን አጣ፣ እኔ ደሜን አጣሁ። ማልቀሱ የሁላችንም ነው። መቀበሉ የእኔ ነው።”

ዴልማስ ራሱን ነቀነቀ። “እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው ሌላ አገር አልገጠመኝም።”

“ጠይቀው ነበር?” አለው ኤሎዪ።

ሽማግሌው ትንሽ ፈገግ አለና መሬት መሬት አየ። “አልጠየቅሁም” አለ።

እንግዲህ ተስማሙ። ሐሙስ ዴልማስ በሄሊኮፕተር ፖካ ይወርዳል፤ የአባት ወገን አጎትየውን ያስጠራል፤ ኤሎዪ ወርዶ ይቀበላል፤ እሱም በፈንታው ቦዬውን ይሰጣል፤ ዢልቤር ጠመንጃውን አስቀምጦ ቤቱ ይገባል። ኤሎዪ ለዚህ ነገር ልቡን ለማስቆረጥ ብዙ ታግሏል። በባስቲያን ጆሮ እፍ ያለበትን ቀን እያስታወሰ ስንቴ እምቢ ብሏል። በመጨረሻ ግን እሺ ብሎ ሸሚዙን ተኮሰ።

ሄሊኮፕተሩ ረፋዱ ላይ ከጋራው ማዶ ሲወርድ ድምፁ ተሰማ። ጎረቤቱ ፊርሚን ገጀራውን በትከሻው አድርጎ ሲያልፍ ቆም አለ።

“አንተ፣ ሙሽራ መሰልክ እኮ። ማንን ልታገባ ነው?”

“እለፍ እባክህ።”

“ፈረንጁ ወርዷል። አትሄድም?”

“አልተጠራሁም።”

“እግር የለህም?”

“እግርማ አለኝ” አለ ኤሎዪ፣ እግሩን አየት አድርጎ።

ፊርሚን ከንፈሩን መጠጠና መንገዱን ቀጠለ። እዚህ ላይ ኤሎዪን መገሰጽ ቀላል ነው። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ወንዙም አልሞላም። ተነስቶ ቢሄድ ይደርስ ነበር። ግን ዕድሜውን ሙሉ ነጭ አለቃ በፉጨት ሲጠራው፣ በጣት ሲያዘው የኖረ ሰው ነው፤ በሰው ወግ የሚጠራበት አንድ ነገር ቢኖር ይሄው ነበር። እሱን ደግሞ በገዛ እጁ ሊያረክሰው አልፈለገም። ደመናው ከጋራው እየወረደ መጣ። ሄሊኮፕተሩ እንደገና ጮኸ፤ በላዩ አልፎ ወደ ባሕሩ ሄደ። ኤሎዪ ግን አሁንም ተቀምጧል።

ከቀትር በኋላ ኦርታንስ መጣች። ረጅም ቀሚሷ በዝናብ ርሶ እግሯ ላይ ተጣብቋል፤ ሽበቷም ግንባሯ ላይ። ታላቅ እህቱ ናት፤ በልጅነቱ በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገችው። ሳትቀመጥ ጀመረች።

“አልቋል” አለች። “ማቲያስ ተቀበለ።”

“ምን አልሽ?”

“ደመና መጣብን ብሎ የሄሊኮፕተሩ ነጂ ይጮሃል። ፈረንጁ ‘አጎትየው የታል? ያለ እሱ አልሰጥም’ አለ፤ እኔው ጆሮዬ ሰምቷል። ኦጉስት ጣልቃ ገባ፤ ‘እኛ አንድ ቤተሰብ ነን፣ እሱም እየመጣ ነው፣ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም’ ብሎ አግባባው።” ኦጉስት የማቲያስ ታላቅ ወንድም፣ የፖካ አለቃ ነው።

“ማቲያስ እጁን ጫነበት?”

“ጫነበት። ደክሞታል፣ ኤሎዪ። ዘጠኝ ወር እንቅልፍ የለውም። ይለቅልኝ ብሎ ጫነ።”

“እኔን ማን ሊጠራ ነበር?”

ኦርታንስ ፊቷን በእርጥብ እጇ ጠረገች። “ኦጉስት ማቲያስ የላከ መሰለው። ማቲያስ ኦጉስት የላከ መሰለው። በኋላ ሲጠያየቁ የተላከ የለም።”

ኤሎዪ ሳቀ፤ ጥሩ ሳቅ አልነበረም። ቆሽቱ አርሯል። ዕቃ ማጓጓዝ ቢሆን ኖሮ ሦስት ሰው ይላክ ነበር። ለሰው ደም ግን ሁሉም አንዱ አንዱን ተማምኖ ተቀመጠ።

“በይ እንግዲህ፣ የተቀበለው ሰው ልጁን ያስወርደው” አላት።

“ሄደን ነገርነው። ዢልቤር ‘አጎቴ አለ ወይ?’ አለ። የለም አልነው። ‘እንግዲያው ምንም አልሆነም’ ብሎ ጀርባውን ሰጠን። ራዲዮው ደግሞ ሸለቆው ታርቋል፣ መንገዱ ነገ ጠዋት ክፍት ነው እያለ ነው። ወታደሮቹ ክፍት ነው ብለው ይመጣሉ፣ እሱ ዝግ ነው ብሎ ይጠብቃቸዋል።”

“ልጁ ትክክል ነው።”

“ትክክል ሆኖ ይሙትልህ?” አለች ኦርታንስ። ድምፅዋን አላነሳችም። “አንዱን ሰጥቻለሁ። አንተ ስላልተጠራህ ሁለተኛውንም ልስጥ? ይኸው እኔ ጠራሁህ።”

“አንቺ የእኔ ወገን ነሽ፣ እቴ። የአንቺ መጥራት ጥሪ አይሆንም።”

“አውቃለሁ አይሆንም። ባይሆንም ና።”

ኤሎዪ ቁልቁለቱን አየ። ከዚያ ቋጠሮውን አንስቶ ብብቱ ውስጥ ከተተና ተነሳ።

ዝናቡ አባርቷል። ኦርታንስ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ እሱ ከኋላ። ምን እንደሚል አያውቅም። ሳልቀበል ውረድ ቢለው ልጁ አይሰማውም፤ አይሰማውም ብቻ ሳይሆን ይንቀዋል። ወደ ዴልማስ ሰው ቢልክ ከተማው ሩቅ ነው፤ ሌሊቱ ሳይነጋ አይደርስም። ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ አንድ የኮኮናት ዛፍ ሥር ቆመ። ቋጠሮውን መሬት አስቀምጦ ፈታው። የዓመቱን የመጀመሪያ ቦዬ፣ በአክብሮት እንጂ እንደው በዘበት የማይነካውን፣ አንድ በአንድ አውጥቶ ሣሩ ላይ አጋደመው። ጨርቁን አራግፎ በአራት አጠፈ፤ ከኪሱ የራሱን ትምባሆ አውጥቶ ከላዩ አደረገ፤ ከትምባሆውም ላይ የራሱን ኖት።

ቀና ሲል ኦርታንስ ተመልሳ ቆማ ታየዋለች። ጨርቁን ታውቀዋለች፤ ባለፈው የገና ሰሞን ጠርዙን ቀምቅማ የሰጠችው ራሷ ናት። ወንድሟ የገዛ ልጇን ደም ለራሱ ከፍሎ ለራሱ ሊቀበል መሆኑ ገባት። ዞራ መንገዷን ቀጠለች።

ግንዱ ጋ ሲደርሱ ፀሐይ ወደ ባሕሩ አዘቅዝቃ ነበር። ወጣቶቹ በጎማ ጭስ የጠቆሩ፣ ዓይናቸው የቀላ፣ ሸራ ሥር ተኮልኩለው የተጠበሰ ጎደሬ ይበላሉ። ዢልቤር ኤሎዪን ሲያይ ተነስቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ከስቷል። አገጩ የባስቲያንን አገጭ መስሎ ወጥቷል።

“አጎቴ፣ ደህና አመሹ?”

“ደህና አመሸህ።”

“ራዲዮው ደሙ ተዘግቷል ይላል። ኦጉስትም ያንኑ ብሎኝ ሄደ። እኔ የማምነው እርስዎን ነው። ተቀበሉ ወይስ አልተቀበሉም?”

ሁሉም መብላታቸውን አቁመው አዩት። ኤሎዪ ጨርቁን ከብብቱ አውጥቶ በሁለት እጁ ያዘው። ዕድሜውን ሙሉ በደም ነገር ዋሽቶ አያውቅም። በሌላ ነገር ዋሽቷል፤ ሾፌር ነበር።

“ተቀብያለሁ” አለ።

“በእጅዎ?”

“በእጄ።”

“ኦጉስት እኮ እርስዎ ፖካ አልነበሩም ነው ያለው።”

“ፈረንጁ ከእነሱ ጨርሶ እኔ ዘንድ መጣ። ሄሊኮፕተሩ ወደ ላይ ሲሄድ አልሰማችሁም?”

ወጣቶቹ ተያዩ። ሰምተዋል። ዢልቤር ግን ገና አልጨረሰም፤ ወደ እናቱ ዞረ።

“እማዬ፣ እውነት ነው?”

ኦርታንስ ልጇን አየችው። “አጎትህ በደም ነገር ሲዋሽ ሰምተህ ታውቃለህ?” አለችው።

ልጁ አፈረ። ቀረብ ብሎ ጣቱን ጨርቁ ላይ አሳረፈ፤ እንደ ትኩስ ነገር ቶሎ አነሳው። ከዚያ ፊቱን በባርኔጣው ሸፍኖ አለቀሰ፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ ያላለቀሰውን። ኤሎዪ ትከሻውን ይዞት ቆመ። ጠመንጃዎቹን ጋራው ሥር ካለው ጎጆ አስገቡ፤ ግንዱን ጠዋት እናነሳለን ተባባሉ። ዢልቤር የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ፖካ ወረደ።

ኤሎዪ በዚያው ማቲያስ ዘንድ ገባ። ማቲያስ ሲያየው ከወንበሩ መነሳት አቃተው፤ ይቅር በለኝ ማለትም አቃተው። ኤሎዪ ያደረገውን ነገረው። “ሁለት ጊዜ ተሰጥቷል በሉ። አንዴ እዚህ፣ አንዴ እኔ ዘንድ። ከዚህ በላይ ማንም ምንም አይናገር።” ኦጉስትም ተጠርቶ መጣና እሺ አለ። ሐፍረቱ እሺ የማያስብለው ነገር አልነበረም። ዴልማስ ግን የማናቸውም ሐሳብ ውስጥ አልነበረም፤ ሄዷል፣ ሥራው አልቋል፣ ይሄኔ ፓሪስ ያሉ አለቆቹ እያመሰገኑት ነው ብለው ነበር።

ሽማግሌው ግን አልሄደም። የባሕሩ ዳር ከተማ አድሮ እንቅልፍ እምቢ ብሎታል። ብዙ አገር ያበላሸው ጠይቆ የተነገረውን በመተላለፍ ሳይሆን ባለመጠየቅ ነበር፤ በዚህኛው ግን ጠይቆ፣ ተነግሮት፣ ተላልፎ ነው። ይህን እንዲሁ ትቶ አውሮፕላን ላይ መውጣት አላስችል አለው። ምነው ባስቻለው ኖሮ።

ዓርብ ጠዋት ወጣቶቹ ግንዱን በገመድ እየጎተቱ ወደ ቦዩ ሲጥሉ አንዲት ትንሽ መኪና ብቻዋን መጣች። ወታደሮቹ ከኋላ በርቀት እየተከተሉ ነበር፤ ዴልማስ ለምኗቸው ነው ቀድሞ የመጣው። ከመኪናው ወረደ። ልክ እንደተማረው ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አዲስ ጨርቅ፣ ትምባሆና ኖት በሁለት እጁ ይዞ፣ በሰው ሁሉ መሐል አልፎ ኤሎዪ ፊት ቆመ።

ኤሎዪ ገና ከሩቅ ሲያየው ገባው። “ቤት እንሂድ፣ ሙሴ ዴልማስ። እዚያ እንጫወታለን” አለና ክንዱን ሊይዘው እጁን ዘረጋ።

ዴልማስ ግን ንግግሩን ጀምሯል። የጨርቅ ንግግር ከተጀመረ ደግሞ አይቋረጥም፤ የቆመ ይቆማል፣ የተቀመጠ አይነሳም፣ የሚቀበለው መሬት መሬት እያየ እስከ መጨረሻው ይሰማል። ይሄንንም ያስተማረው ኤሎዪ ነው።

“ትናንት አጥፍቻለሁ” አለ ሽማግሌው። ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ ሁሉም ግን ሰማው። “ደሙ የአንተ መሆኑን ነግረኸኝ ነበር። በእጅህ ማኖር ሲገባኝ፣ ደመና መጣ ብዬ ሌላ ሰው እጅ ላይ አኖርኩ። አንተ ስትጠብቀኝ ዋልክ፤ እኔ በራስህ ላይ አልፌ ሄድኩ። ይህን ተሸክሜ አገሬ መግባት አልቻልኩም። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክለኛው ቦታ ላኖረው መጥቻለሁ። ስለ ባስቲያን ደም፣ እንዲሁም ስለ ትናንቱ ድፍረቴ፣ ይቅርታ እለምናለሁ።”

ገመዱ ከወጣቶቹ እጅ ወድቋል። ኤሎዪ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። የዢልቤር ጫማ ወደ እሱ ሲመጣ አየ፤ ጭቃ የለበሰ፣ ማሰሪያው የተፈታ።

“ማታ ያሳየኸኝ የማን ነበር?” አለ ዢልቤር።

ከተወለደ ጀምሮ ኤሎዪን አንተ ብሎት አያውቅም።

“የእኔ” አለ ኤሎዪ።

“የእኔ ማለት?”

“ከቤቴ የመጣ። ቦዬ ቋጥሬበት የነበረ።”

“ወንድሜን በቦዬ ማሰሪያ ነው የዘጋኸው?”

“አንተን ነው ያወረድኩህ። ልጄ፣ ስማኝ። ይሄው አሁን መጣ። እውነተኛው ይሄው፣ እጄን እጭንበታለሁ፣ እያየህ።”

“ማን ያምንሃል?” አለ ዢልቤር። ጮኾ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ግን እንደደከመው ሰው ነው ያለው። “ማታ አልቅሼበታለሁ እኮ። ሁለተኛ ደግሞ በምን ላልቅስ?” ዞረ፤ ለጓደኞቹ በአገጩ ምልክት ሰጣቸው። ሁለቱ ግንዱን ወደ መንገዱ መመለስ ጀመሩ። እሱ ጠመንጃዎቹ ወዳሉበት ጎጆ ሽቅብ ሄደ።

ኤሎዪ ስሙን ጠራው። አንዴ በክርስትና ስሙ፣ አንዴ ራሱ በጆሮው እፍ ብሎ ባወጣለት ስም። አልዞረም።

ዴልማስ ጨርቁን እንደያዘ ቀርቷል። ፊቱ አመድ መስሏል። “ምን አጠፋሁ?” አለ።

“ምንም” አለው ኤሎዪ። “ዛሬ ሁሉንም በትክክል አድርገዋል።” እጁንም ጨርቁ ላይ ጫነበት። ሥርዓቱ ያንጊዜ ሞላ። ደሙ በዚያች ደቂቃ ተዘጋ፤ በሥርዓቱ ዓይን የባስቲያን ነገር አበቃ። ያን ያዩት ግን እነሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ወታደሮቹ ኩርባውን ሲዞሩ ክፍት የተባለው መንገድ ላይ ግንድ የሚጎትቱ ወጣቶችና ከጋራው ሥር ጠመንጃ ይዞ የሚሮጥ ሰው አዩ። ማን ቀድሞ እንደተኮሰ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ለማጣራት ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ የኑሜያው ንግግር ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል፤ በራዲዮ “በጥቂት ወጣቶች ግትርነት” ተባለ። ዢልቤር የሞተው ግን እዚያው ጋራ ሥር፣ ከጎጆው ጥቂት እንደራቀ ነው። ኤሎዪ ሮጦ ሲደርስ ዓይኑ ገና ክፍት ነበር፤ አጎቱን ይየው አይየው አይታወቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ጥሪው በሥርዓቱ መጣ። ኦጉስት ራሱ፣ ማቲያስም አብሮት፣ ሌሎች የወገኑ ሽማግሌዎችም፣ ሽቅቡን በእግራቸው ወጥተው፣ ከግቢው በር ላይ አንገታቸውን ደፍተው “ና፣ ደምህን ተቀበል” አሉት። ኤሎዪ ወረደ። ቀብሩ ላይ እንደ አጎት መናገር ነበረበት፤ ቆመና “ልጄ ነበር” ብሎ ተቀመጠ። ሌላ ነገር ይጨምራል ብሎ የጠበቀው ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ ተበተነ።

ኦርታንስ ብቻ ቀረች። ከአፈሩ ማዶ ተቀምጣለች። ኤሎዪ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። ብትረግመው ይሻለው ነበር፤ ብትመታውም። እሷ ተነስታ መጣችና አጠገቡ፣ መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

“ሐሙስ ማታ እቤት አደረ” አለች። “ዘጠኝ ወር ባዶውን የከረመ አልጋው ላይ። በሩን ከፍቼ ደጋግሜ አየሁት፤ በሆዱ ተኝቶ ነበር፣ ልጅ እያለ እንደሚተኛው።”

ኤሎዪ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ከታች ከመንደሩ ሴቶች ለሐዘንተኛው ምግብ ሲያሰናዱ ይሰማል።

“ምን በላ?” አላት በመጨረሻ።

“ዓሣ” አለች ኦርታንስ። “በኮኮናት ሠርቼለት። ጨምሪልኝ አለኝ፣ ጨመርኩለት።”